ሳሎን ስትሞሉ እነዚህን ተጠንቀቁ

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ ቤት የማሰናዳላቸው ሰዎች ማክሲማሊዝም ይፈልጋሉ። ቀለሙ፣ ጥለቱ፣ አሮጌውና አዲሱ ዕቃ አንድ ክፍል ውስጥ ተቃቅፎ የሚኖርበት ስታይል ነው። የምወደውን አልደብቅም የማለት ድፍረትም አለው። እኔ ግራጫ ሶፋና ባዶ ግድግዳ ስለሰለቸኝ ደስ ብሎኛል። ግን አንድ ስህተት አላስቀምጥ ብሎኛል።

ሁሉንም ነገር ባንድ ቀን ካንድ ሱቅ መግዛት! ሶፋው ወርቃማ፣ መጋረጃው ወርቃማ፣ ምንጣፉም ወርቃማ። ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል፣ የማን ቤት እንደሆነ ግን አይታወቅም። ይባስ ብሎ ለአዲሱ ዕቃ ቦታ ለማስለቀቅ የእናት እጅ ሥራ ወደ ጓዳ ይጣላል። አንድ ቤት ገብቼ በቀይና በአረንጓዴ አክርማ የተሰፋ፣ ጠርዙ በቆዳ የተለበጠ፣ ቀለሙ ቅንጣት ያልደበዘዘ ሰፌድ ሽንኩርት ተቆልሎበት አገኘሁ። ሳሎኑ ውስጥ ደግሞ የፕላስቲክ አበባ ተሰቅሏል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ! ሰፌዱን አራግፈን ግድግዳው ላይ ሰቀልነው፣ የትራሶቹንም ቀይ ከእሱ ወሰድን።

እ.ኤ.አ. በ2024 በ102 ዓመታቸው ያረፉት ኒውዮርካዊቷ የቤት ውስጥ ዲዛይነርና የፋሽን ሰው አይሪስ አፕፌል በዚህ ስታይል ስማቸው የገነነ ነው። ውድ ልብስ ለብሰው ከመንገድ ገበያ የገዙትን ርካሽ አምባር እስከ ክንዳቸው ይደረድሩ ነበር። ያ ሁሉ ዕቃ በዕድሜ ሙሉ ተለቅሞ የተሰበሰበ ነው፣ ባንድ ጀንበር አልመጣም።

ቀለም ስታበዙ ሁለቱን መርጣችሁ ክፍሉ ውስጥ ሦስት አራት ቦታ ድገሟቸው፣ አለበለዚያ ዓይን ማረፊያ ያጣል። ጣሪያው መሃል አንድ ነጭ አምፖል ብቻ አትስቀሉ።

ኮምቦልቻ ያላችሁ ደግሞ የደሴን ሳሎን እንዳለ አትቅዱ። እዚህ ብርድ ስለሆነ ከፋይ መጋረጃና ባና ያሞቀናል። እናንተ ጋ ግን ሙቀት አለ፣ ከፋይ ያፍናችኋል፣ አቧራም ይይዛል። ደማቅ ቀለም ያለው ስስ ጥጥ ይበቃችኋል።

በመጨረሻ የቡናውን ቦታ አትንኩ። ረከቦቱ፣ ከሰል ምድጃው፣ ጭሳጭሱና የጎረቤት እግር ሁሉ መዘርጊያ ይፈልጋል። ቡና በተፈላ ቁጥር የሚገፋ ጠረጴዛ ካለ እሱ ይውጣ።