መብራት ሄዶ ዊንዶውስ አልነሳ ሲል
ባሕር ዳር ጊዮርጊስ አካባቢ ባለችው ሱቄ ላፕቶፕ የሚበዛብኝ መብራት ከሄደ በኋላ ነው። አፕዴት እያደረገ ኃይል ሲቋረጥበት የሲስተም ፋይሎቹ ሊበላሹ ይችላሉ። እባካችሁ ለፎርማት አትቸኩሉ! የመመረቂያ ጽሑፋችሁ፣ የልጆቻችሁ ፎቶ እዚያ ውስጥ ነው።

በሌላ ኮምፒውተር፣ ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሆነ ባዶ ፍላሽ ላይ የዊንዶውስ መጫኛ አዘጋጁ። የተበላሸውን ላፕቶፕ ቻርጀር ሰክታችሁ በፍላሹ አስነሱት። «ኢንስቶል» የሚለውን ትታችሁ «ሪፔር» የሚለውን ምረጡ፤ ከዚያ «ትረብልሹት»፣ «ስታርትአፕ ሪፔር»።

ካልሠራ ኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍታችሁ ኤስኤፍሲን (sfc፣ የሲስተም ፋይሎችን ፈትሾ የሚጠግነውን ትእዛዝ) እዘዙ። እዚህ ላይ ረጋ በሉ። በፍላሽ ሲነሳ የድራይቭ ፊደል ሊቀየር ይችላል፤ ሲ የነበረው ዲ ሆኖ ይገኛል። የዊንዶውስ ፎልደር የት እንዳለ በዲር (dir፣ በድራይቩ ያለውን በሚዘረዝረው) ትእዛዝ አይታችሁ ያንን ፊደል ለኤስኤፍሲ ስጡት። እስኪጨርስ አታቋርጡት።

ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ግን ጥገናውን ተዉት። መጀመሪያ ፋይላችሁ ይውጣ።