እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አረጋዊ ማሽተት ሲያቅታቸው ቤት ውስጥ እንዴት እንፈትሻለን?

በሐረር ጀጎል ውስጥ ቡና ሲቆላ ሽታው ሦስት ቤት ያልፋል። ምጣዱ አጠገብ የተቀመጡ አባት «ቡናው ገና አልተቆላም እንዴ?» ብለው ሲጠይቁ ግን ቤተሰቡ ነገሩን ከቆየው የእጃቸው መንቀጥቀጥ ጋር አያይዞ ያልፈዋል። እንዲህ ማለፉ ልክ አይመስለኝም።

አስቀድመው እጃቸውን ይመልከቱ። ኤሴንሻል ትሬመር የሚባለው መንቀጥቀጥ እጅ ሥራ ሲይዝ ይብሳል፤ ስኒው ከረከቦቱ ሲነሳ ይንቀጫቀጫል፣ ወደ አፍ ሲቀርብ ቡናው ይፈሳል፣ እጁ ጭን ላይ ሲያርፍ ግን ጸጥ ይላል። እንቅስቃሴን ቀስ በቀስ በሚያውከው የአንጎል ሕመም፣ በፓርኪንሰን፣ ግን በአብዛኛው የሚንቀጠቀጠው ያረፈው እጅ ነው፤ ብዙ ጊዜም በአንድ ጎን ይጀምራል። የማሽተት መቀነስ አብዛኞቹን የፓርኪንሰን ሕመምተኞች የሚያጠቃ፣ አንዳንዴም ከመንቀጥቀጡ ዓመታት ቀድሞ የሚመጣ ምልክት ሲሆን፣ በኤሴንሻል ትሬመር ግን ማሽተት ወይ ደህና ይሆናል ወይ በመጠኑ ብቻ ይቀንሳል።

ለፍተሻው ጉንፋን የሌለበት፣ ዕጣንም ያልጨሰበት ጠዋት ይምረጡ። የተፈጨ ቡና፣ ቅርንፉድ፣ ቀረፋና የብርቱካን ልጣጭ በየስኒው አድርገው ይክደኑ። ዓይናቸውን ጨፍነው አንዱን የአፍንጫ ቀዳዳ፣ ከዚያም ሌላውን በየተራ በጣት ይዝጉ፤ ስኒውን የሚይዙት እርስዎ ይሁኑ፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ ከተያዘ ይደፋልና። «ምን ይሸታል?» ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ሽታውን እያወቁ ስሙ የሚጠፋባቸው ብዙዎች ስለሆኑ አራት ስም ጠርተው ያስመርጧቸው። በሆስፒታል የሚሠራበት ባለ 40 ሽታ መፈተሻም ለእያንዳንዱ ሽታ አራት ምርጫ ይሰጣል። በረኪና፣ ኮምጣጤና ቪክስ አይጠቀሙ፤ እነዚህ በሌላ ነርቭ በኩል ስለሚቆጠቁጡ ማሽተት የማይችልም ሰው ይሰማዋል።

ውጤቱ ሕመሙን አይለይም፤ ለነርቭ ሐኪም የሚነገር መረጃ ነው። ዕድሜ፣ ኮቪድ፣ ሳይነስ፣ ሲጋራና የጭንቅላት ጉዳትም ማሽተትን ይቀንሳሉ፤ አንዱ ቀዳዳ ብቻ ከደነዘዘ ደግሞ የአንገት በላይ ሐኪም ይመልከታቸው። በእኛ አገር የሚረሳ አንድ ጥያቄ አለ፦ ጫትና ቡና መንቀጥቀጥን ስለሚያብሱ ስንት ጊዜና መቼ እንደሚወስዱ ሳይደብቁ ይንገሩ።

እስከ ቀጠሮው ድረስ ያደረ ወጥ ሌላ ሰው አሽትቶ ይስጣቸው፤ የጋዝ ሲሊንደሩን ማያያዣም በሳሙና አረፋ እየቀቡ አረፋው መኩፈስ አለመኩፈሱን ይዩ።