ጉድጓድ የመታው አሉሚኒየም ቸርኬ እንዴት ይመረመራል?

ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን አልፎ በጣርማ በር ወደ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ ከባድ መኪና የማይለየው በመሆኑ፣ በክረምት አስፋልቱ የተቦረቦረበት ቦታ አይታጣም፤ ጉድጓዱ ውኃ ካቆረ ደግሞ ጥልቀቱን መሪ ይዞ መገመት አይቻልም። እንዲህ ያለ ጉድጓድ የመታ መኪና ጎማው እስካልፈነዳ ድረስ ብዙ ባለቤቶች «ተርፏል» ብለው ጉዟቸውን ይቀጥላሉ። ቸርኬው ከፋብሪካ ሳይሆን ከገበያ ተገዝቶ የተገጠመ ከሆነ ግን ሁለት ነገር መጠየቅ ይገባል፦ ምቱ ጎድቶታል ወይ? ካልጎዳውስ ቀድሞውኑ ለዚህ መኪና የሚበቃ ነበር ወይ? የሁለቱም መልስ የሚገኘው ጎማው ተፈትቶ ሲታይ ነው።

ምቱ እንደደረሰ ቁልቁለትና ጠመዝማዛ ያልሆነ ቦታ ፈልጎ መቆም፣ የጎማውን ጎን መመልከትና አየር እየወጣ መሆን አለመሆኑን ማዳመጥ ያስፈልጋል። በጎማው ጎን ላይ እብጠት ከታየ የውስጡ ክር ተበጥሷልና ስኮርታውን ማሰር እንጂ መቀጠል አይገባም። ፍጥነት ሲጨመር መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የተጎዳው የፊት ቸርኬ ነው፤ ንዝረቱ በመቀመጫ በኩል ከተሰማ የኋላው ይጠረጠራል። ባላንስ ማሠራት ንዝረቱን ሊቀንሰው ይችላል፤ የተጣመመ ቸርኬን ግን አያቃናም።

ጎሚስታ ቤት ሲደረስ መጀመሪያ መታየት ያለበት ከውጪ የማይታየው የውስጥ ከንፈር፣ ማለትም ጎማው የሚያርፍበት የቸርኬው ጠርዝ፣ ነው። ጉድጓድ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጣምመው ይህንኑ ክፍል ሲሆን፣ የሚያብረቀርቀው ፊት ምንም ያልነካው ሊመስል ይችላል። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ አንድ ቀጥ ያለ እንጨት ሳይነቃነቅ ወደ ከንፈሩ ተጠግቶ ቸርኬው በእጅ ቀስ ብሎ ሲሽከረከር፣ በእንጨቱና በቸርኬው መካከል ያለው ክፍተት እየሰፋና እየጠበበ ከሄደ ጥምመት አለ። ፋብሪካዎች የሚፈቅዱት ልዩነት ከ1 ሚሊሜትር ብዙም የማይርቅ በመሆኑ፣ ዐይን በግልጽ የሚያየው መወዛወዝ ከመጠን ያለፈ ነው።

ስንጥቅን ለመፈለግ ደግሞ በየከተማው በሚገኝ ዕቃ የሚሠራ ጥሩ ዘዴ አለ። ጎማው ከወጣ በኋላ ቸርኬው ታጥቦ ይደርቃል፤ ከዚያም በተጠረጠረው ቦታ በአንዱ ወገን የጠመኔ ዱቄት በስሱ ይቀባል፣ በሌላው ወገን ላምባ በብሩሽ ይደረጋል። ስንጥቁ ተሻግሮ ያለፈ ከሆነ ላምባው በቀጭኑ ሰርጎ በነጩ ጠመኔ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ያወጣል። ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ያስፈልጋል፤ ሥራው ከእሳት ርቆ መከናወኑና ላምባው ጎማው ከመመለሱ በፊት በሳሙና መታጠቡም አይዘንጋ።

ጉዳት ከተገኘ ይጠገናል ወይስ ይጣላል የሚለው በቦታው ይወሰናል። የብረት ቸርኬ ሲመታ ስለሚጎብጥ በመዶሻ ሊመለስ ይችላል። ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ አሉሚኒየም ግን ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ በተለካ ሙቀት ታክሞ ስለሆነ፣ በእሳት አግሎ መቀጥቀጥ ቅርጹን ቢመልስም ጥንካሬውን ይወስድበታል። በከንፈሩ ላይ ያለ ትንሽ ጥምመት በማሽን ሊቃና ይችል ይሆናል። በክንዱ (ከመሐል ወደ ጠርዝ በሚዘረጋው ክፍል)፣ በሞዞው (ቸርኬው መሐሉ ላይ በሚገባበት እምብርት) ዙሪያ ወይም በቡሎን ቀዳዳ አጠገብ ስንጥቅ ካለ ግን ብየዳ የሚባል ነገር መነሣት የለበትም፤ በተበየደ ክንድ የጣርማ በርን ቁልቁለት መውረድ በእኔ አስተያየት ድፍረት ነው።

ቸርኬው ጤነኛ ሆኖ ቢገኝም ጀርባው ይነበብ። ደኅና አምራች የሚሸከመውን ከፍተኛ ጭነት እዚያ ያትማል፤ ቁጥሩ ቢያንስ ከከባዱ አክስል የተፈቀደ ጭነት ግማሽ መሆን አለበት። የኋላ አክስሉ 900 ኪሎ የሚፈቀድለት መኪና ለእያንዳንዱ ጎማ ቢያንስ 450 ኪሎ የሚችል ቸርኬ ይፈልጋል ማለት ነው። ቁጥሩ በፓውንድ ሊጻፍ ስለሚችል 1000 ፓውንድ 454 ኪሎ ገደማ መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል። የጃፓን ደረጃ የሆነው የጄደብልዩኤል (JWL) ምልክትና ቸርኬው መፈተኑን የሚያሳየው የቪአይኤ (VIA) ማኅተም መኖራቸው ጥሩ ነው፤ ምልክት አስመስሎ የሚያትም አምራች ስላለ ግን ብቻቸውን ዋስትና አይሆኑም። ምንም ጽሑፍ የሌለበትን ቸርኬ ለማቃናት ገንዘብ ማውጣት አያዋጣም።

የጎማው የጎን ቁመት ማነሱም የጉዳቱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በጎማ ልክ የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ በሚሊሜትር፣ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ መጨረሻው የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። 195/65 ባለ 15 ጎማ 127 ሚሊሜትር ገደማ የጎን ቁመት ሲኖረው፣ ለመልክ ተብሎ በምትኩ የሚገባው 225/45 ባለ 17 ያለው 101 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ምቱን የሚያበርደው ላስቲክ በዚያ መጠን ቀንሷል። በዚህ መንገድ ለሚመላለስ ሰው ወደ ፋብሪካው ልክ መመለስ ከሁሉ የተሻለ ምርጫ ይመስለኛል። የአየር ልኩም በደብረ ብርሃን ውርጭ ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ይታይ፤ በሙቀት የተለካ ጎማ ሲበርድ አየሩ ስለሚቀንስ ከንፈሩ ለጉድጓዱ ይጋለጣል።

አዲስ ቸርኬ ሲገጠም የሞዞው ቀዳዳ ይለካ። ለምሳሌ የቶዮታ ቪትዝ ሞዞ 54.1 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ለብዙ ዓይነት መኪና ታስቦ የተሠራው ቸርኬ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ከዚያ ይሰፋል፤ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ካልገባ ቸርኬው መሐሉን ይስትና ይንቀጠቀጣል። ዳዶውም ይታይ፤ ብዙ የቶዮታ ፋብሪካ አሉሚኒየም ቸርኬዎች ጠፍጣፋ ቀለበት ያለው ዳዶ ሲጠቀሙ፣ ከገበያ የሚገዙት አብዛኞቹ ሾጣጣ ዳዶ ይፈልጋሉ፤ አሮጌውን ዳዶ መልሶ ማሰር ቸርኬው በጉዞ ላይ እንዲላላ ያደርጋል። ዳዶዎቹ በማቋረጥ፣ ማለትም ፊት ለፊት ያሉት በየተራ፣ ከታሰሩ በኋላ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ተነድቶ እንደገና ይጠበቁ። ከደብረ ብርሃን የተነሣ ሰው ደብረ ሲና ሲደርስ ቆሞ ይህን ቢያደርግ ርቀቱ ይበቃዋል።