ነባር አማካሪን አዲስ ቨርዥን ስታሠለጥኑ

ኤስኤፒን (የድርጅቶችን ሒሳብ፣ ግዢና ሽያጭ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር) ለዓመታት የሠራ አማካሪ ፊት ከ«ሀ» የሚጀምር ስላይድ አትክፈቱ፤ ብዙም ሳይቆይ ስልኩን ያወጣል። ይልቅ በመሞከሪያው ሲስተም ላይ ሥራ ስጡት፦ በጅቡቲ በኩል ዕቃ የሚያስገባ የድሬዳዋ ነጋዴን እንደ ደንበኛም እንደ አቅራቢም ይመዝግብ። እጁ በልማድ ኤክስዲ01 (ደንበኛ የሚመዘገብበት የድሮ ትእዛዝ) ብሎ ይጽፋል፤ አዲሱ ቨርዥን ኤስ/4ሃና ግን ወደ ቢፒ (ቢዝነስ ፓርትነር) ይወስደዋል፤ አሁን ደንበኛና አቅራቢ የሚመዘገቡት እዚያው አንድ ቦታ ነውና። የፋይናንስና የኮንትሮሊንግ (የውስጥ ወጪ ክትትል) መዝገብ አክዶካ በተባለው አንድ ሠንጠረዥ መጠቃለሉንም እንዲሁ እየሠራ ያግኘው። ጥያቄው ያኔ ይመጣል፤ ማብራሪያችሁን ለዚያች ሰዓት አቆዩት። ድሬ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ጠዋት 2 ሰዓት ጀምራችሁ 6 ሰዓት ላይ ጨርሱ። ከምሳ በኋላ ሙቀቱና በርጫው ሰው አይተዉላችሁም።