ጥንቸላችሁ ምግብ ካቆመች እስኪነጋ አትጠብቁ

ቤት ውስጥ ጥንቸል ያላችሁ፣ ጠዋት ኬጁን ስትጠርጉ በጠጡን እዩት፣ ትልቁ ምርመራ እሱ ነው። ክብ ክብና ብዙ ከሆነ ሰላም ነው፣ ከቀነሰ ወይ ጥቃቅን ከሆነ ግን አንጀቷ እየቆመ ሊሆን ይችላል። ጥንቸል ሲያማት ድምፅ አታሰማም፣ ጥግ ይዛ ኩርምት ትላለች፣ ልጆቹም ተኝታለች ብለው ያልፏታል። እና 12 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ቀጥታ ወደ ቬት (የእንስሳት ሐኪም)፣ የሰው መድኃኒት ደሞ እንዳትሞክሩ። የሳር ድርቆሽ ሁሌ ይኑራት፣ ካሮት እኮ ለሷ ከረሜላ ነው። በነገራችን ላይ ድንገት ፀጉሯን እየነጨች ጎጆ መስራት ከጀመረች እርግዝና ጠርጥሩ፣ የምታረግዘው 31 ቀን ገደማ ነው፣ ወንዱን ቶሎ ለዩት ምክንያቱም በወለደችበት ቀን መልሳ ልታረግዝ ትችላለች።