የፖሊስ የባግፓይፕና የከበሮ ባንድን በወሎ ማደራጀትና መምራት

ይህ ጽሑፍ በደሴ፣ በኮምቦልቻ ወይም በሌላ የወሎ ከተማ የፖሊስ ማርሽ ባንድ ለሚመሩ፣ በባንዱም ውስጥ ለሚነፉና ለሚመቱ አባላት የተዘጋጀ ሲሆን፣ ባግፓይፕ የተባለውን ባለ ስልቻ የትንፋሽ መሣሪያና ከበሮ የያዘ ቡድን እንዴት እንደሚቋቋምና እንዴት እንደሚመራ ያሳያል። በአገራችን የደንብ ልብስ ለባሾች ሙዚቃ ያደገው ከናስ መሣሪያዎች ጋር ነው፤ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ያስለመዱን ትራምፔትንና ትሮምቦንን ነበር። ባግፓይፕ በፖሊስ ቤት ሥር የሰደደው በስኮትላንድ ነው። የግላስጎው ፖሊስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1883 ተመሥርቶ፣ በኋላ ስትራዝክላይድ ፖሊስ በተባለበት ዘመን፣ በኢያን ማክሌላን መሪነት ከ1981 እስከ 1986 ድረስ ስድስት ዓመት በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። በዚህ የሙዚቃ ዓይነት የሚመሰገነው ብዙ ነፊዎቹ እንደ አንድ መሣሪያ የሚሰሙለት ቡድን ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ወደዚያ ለመድረስ የሚደረግ ዝግጅት ነው።

አስቀድሞ መለየት ያለበት ማን ምን እንደሚመራ ነው። ድራም ሜጀር የሚባለው ዘንግ ይዞ ከፊት የሚሄደው ሰው ሲሆን፣ ሥራው ሰልፉን ማስነሳት፣ ማዞርና ማቆም ነው፤ ሕዝቡ የባንዱ አለቃ አድርጎ የሚያየው እሱን ቢሆንም የሙዚቃው ባለቤት እሱ አይደለም። ዜማውን የሚመርጠው፣ ፍጥነቱን የሚወስነውና መሣሪያዎቹን የሚቃኘው ፓይፕ ሜጀር ነው፤ በሰልፍ ጊዜም ከፊተኛው ረድፍ በቀኝ ጫፍ ይቆማል። የከበሮውን ክፍል የሚያዘጋጀው መሪ ከበሮ መቺ ደግሞ ከፓይፕ ሜጀሩ ጋር ተማክሮ ይሠራል። በፖሊስ ቤት ችግር የሚነሣው በሙዚቃ የሚበልጠው ሰው ሳጅን፣ በእሱ የሚታረመው ነፊ ደግሞ ኢንስፔክተር የሆነ ጊዜ ነው። መሣሪያ ከተነሣበት እስከሚቀመጥበት ሰዓት ድረስ የሙዚቃ ኃላፊው ቃል የሚጸና መሆኑን የመምሪያው ኃላፊ ባለበት በጽሑፍ መስማማት ያስፈልጋል። አክብሮቱ ሳይጓደል፣ ሳጅኑ «ጌታዬ፣ የእርስዎ መሣሪያ ዝቅ ብሏል፤ እንደገና እንቃኘው» ብሎ ሳይፈራ መናገር ካልቻለ፣ ባንዱ ሰልፍ ያምርለት ይሆናል እንጂ ቅኝቱ አይሰምርም።

ለመነሻ ስምንት ነፊዎች፣ ሦስት የስኔር (ጥርት ያለ ምት የሚሰጠው ከበሮ) መቺዎች፣ አንድ ወይም ሁለት የቴነር (መካከለኛ ድምፅ ያለው ከበሮ) መቺዎችና አንድ የባስ ድራም (ትልቁ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ከበሮ) መቺ ይበቃሉ። ከዚህ በላይ መጀመር መሪው እያንዳንዱን ሰው ሊሰማ የሚችልበትን ጊዜ ያሳጣዋል።

መሣሪያውን ለማያውቅ ሰው ለመግለጽ ያህል፣ ባግፓይፕ አየር በማያስወጣ ስልቻ ላይ የተተከሉ ቱቦዎች ነው። አንዱ በአፍ የሚነፋበት ነው፤ አንዱ ጣት የሚጫወትበት ቻንተር ነው፤ በትከሻ ላይ የሚጋደሙት ሦስቱ ደግሞ ዜማው እስኪያልቅ ድረስ አንድ ድምፅ ብቻ ያለማቋረጥ ያሰማሉ። የእነዚህ የሦስቱ ስም ድሮን ነው። ቃሉ ዛሬ በወሎ ሰው ጆሮ የሚያስታውሰው ሌላ ነገር ስለሆነ ግን እዚህ ቋሚ ቱቦ እላቸዋለሁ፤ በልምምድ ቦታም እንዲሁ ቢባሉ ደስ ይለኛል።

አዲስ አባል ስልቻውን ወዲያው መያዝ የለበትም። ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ስልቻ በሌለው የልምምድ ቻንተር ብቻ፣ ተቀምጦ፣ ጣቱን ያሠለጥናል። ስልቻው ሲመጣ ሌላ ትምህርት ይጀመራል፤ ነፊው ሲነፋ ክንዱ ይላላል፣ አየር ሲስብ ደግሞ ክንዱ ስልቻውን ይጫናል፤ በዚህ ቅብብል ውስጥ በሪዱ (በቱቦው ውስጥ ሆኖ በአየር ሲርገበገብ ድምፅ በሚያወጣው ቀጭን ምላስ) ላይ የሚያርፈው ግፊት ምንም ለውጥ ማሳየት የለበትም። ግፊቱ ሲጨምር ድምፁ ከፍ ይላል፣ ሲቀንስ ይወርዳል፤ እያንዳንዱ ነፊ በየትንፋሹ ከወጣና ከወረደ ምንም ቅኝት አያድነውም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ በእንዲህ ያለ ቦታ ሪድ ከወትሮው ጠንክሮ ይሰማል፣ ነፊም ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ቀለል ያለ ሪድ መምረጥ፣ ጀማሪንም በአንድ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ በላይ አለማስነፋትና በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መጨመር ይገባል። ፊቱ የቀላ፣ ጉንጩ የተነፋ ሰው ጠንካራ አይደለም፤ ሪዱ አልተስማማውም ማለት ነው።

ወደ መቃኘት ስንመጣ መሪው ጊዜውን ሁሉ የሚያፈስበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ነፊዎቹ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ነፍተው መሣሪያው ከሞቀ በኋላ መሪው የራሱን ቻንተር ዝቅተኛ «ላ» ያሰማል፤ ከዚያ በየሰልፈኛው ፊት እየቆመ የእያንዳንዱን ዝቅተኛ «ላ»፣ «ሚ»ና ከፍተኛ «ላ» ያዳምጣል። የአንዱ ቻንተር በሙሉ ዝቅ ካለ ሪዱን ትንሽ ወደ ውስጥ መግፋት፣ ከፍ ካለ ትንሽ ሳብ ማድረግ ነው። አንድ ድምፅ ብቻ ከፍ ያለ እንደሆነ በዚያ ቀዳዳ የላይኛው ጠርዝ ላይ ቀጭን ፕላስተር ይለጠፋል። ቻንተሮቹ ሁሉ ሳይስማሙ ቋሚ ቱቦዎችን መንካት ጊዜ ማባከን ነው።

ቋሚ ቱቦዎች ሲቃኙ መጀመሪያ ከሦስቱ ሁለቱ በጣት ተነክተው ዝም ይላሉ፤ ነፊው ዝቅተኛ «ላ» ይዞ ይቆማል። ቱቦው ገና ካልተስማማ ሁለቱ ድምፆች ሲጋጩ «ዋው ዋው ዋው» የሚል ሞገድ ይሰማል። የቱቦው ጫፍ ሲረዝም ድምፁ ይወርዳል፣ ሲያጥር ይወጣል፤ በትክክለኛው አቅጣጫ ሲሄድ ሞገዱ እየረዘመ፣ እየቀዘቀዘ ይሄድና አንድ ቦታ ላይ ጸጥ ብሎ ይቆማል። ያን ጊዜ ድምፁ ከሁለት ምንጭ መውጣቱ ይረሳል። ቀጥሎ ሁለተኛው ቱቦ ይከፈታል፣ በመጨረሻም ባስ የሚባለው ረጅሙ ቱቦ። ሁለቱ አጫጭር ቱቦዎች ከቻንተሩ ዝቅተኛ «ላ» አንድ ኦክታቭ (ከአንድ «ላ» እስከ ቀጣዩ «ላ» ያለው ርቀት)፣ ባሱ ደግሞ ሁለት ኦክታቭ ዝቅ ብለው መስማማት አለባቸው። ቱነር (የድምፅን ልክ የሚያሳይ መሣሪያ) መጠቀም አይከለከልም፤ ነገር ግን ያን ሞገድ በጆሮው ለይቶ የማያውቅ ነፊ ሜዳ ላይ ራሱን ማዳን አይችልም። ማሲንቆ ሲቃኝ ያየ የወሎ ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

የአየሩን ነገር በራሴ ላይ ከደረሰ ልንገራችሁ። በናስ ማርሽ ባንድ ውስጥ በነበርኩበት ጊዜ፣ ለአንድ በዓል የጦሳ ተራራ ጉም ሳይገፈፍ ደሴ ላይ በማለዳ ተቃኝተን በመኪና ወደ ኮምቦልቻ ወረድን። የዚያን ቀን መሪያችን ሰዓት ስላጠረ እንደገና መቃኘት አያስፈልግም አለ። ኮምቦልቻ ከደሴ በስድስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ያለች፣ ሞቃት ከተማ ናት፤ ፀሐዩ መሣሪያውን ሲያሞቀው የአንዱ ድምፅ ብዙ፣ የሌላው ጥቂት ከፍ አለ፤ ማርሹ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ተበላሸ። በባግፓይፕ ይህ ይብሳል፤ ቻንተሩ ሲሞቅ ከቋሚ ቱቦዎቹ በላይ ስለሚወጣ ሁለቱ ይለያያሉ። መሣሪያ ሰልፉ በሚደረግበት ቦታ፣ ሰልፉ በሚደረግበት ሰዓት ይቃኝ። ለዚህ ግማሽ ሰዓት ያልተሰጠው መሪ፣ የበዓሉን አስተባባሪ አስቀድሞ መጠየቅ የእሱ ግዴታ ነው።

ባንዱ ከትራምፔትና ከሳክስፎን ጋር አብሮ እንዲጫወት የሚፈለግ ከሆነም ማሰብ ያስፈልጋል። በባግፓይፕ «ላ» ተብሎ የሚጻፈው ድምፅ ሲነፋ የሚሰማው ከሲ ፍላት ከፍ ብሎ ነው። አብሮ ለመጫወት በሲ ፍላት ልክ የተሠራ ቻንተር መግዛት ግድ ነው፤ ካልሆነ ሁለቱን በየተራ ማሰለፍ ይሻላል።

ምን ይነፋ? ለወሎ ባንድ ይህ ትልቁ ጥያቄ ነው፤ የባቲና የአምባሰል አገር ሰው የስኮትላንድ ማርሽ ብቻ ቢያሰማ ሕዝቡ ጥቂት አይቶ ይበተናል። ቻንተሩ ያሉት ድምፆች ዘጠኝ ብቻ ናቸው፦ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ሻርፕ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ ሻርፕ፣ ከፍተኛ ሶልና ከፍተኛ ላ። ትዝታ በ«ላ» ሲጀመር ላ፣ ሲ፣ ዶ ሻርፕ፣ ሚ፣ ፋ ሻርፕ ስለሚሆን ሙሉ በሙሉ ይገኛል፤ ቋሚው ድምፅም የቅኝቱ መነሻ ስለሆነ ይደግፈዋል። ባቲ በ«ሬ» ሲጀመር ሬ፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ ሻርፕ ይሆናል፤ ይህም ይገኛል፣ ቋሚው «ላ»ም ከመነሻው ሲቆጠር (ሬ፣ ሚ፣ ፋ ሻርፕ፣ ሶል፣ ላ) ለባቲ አምስተኛው ድምፅ ሆኖ ያምራል። ለመጀመሪያ ሥራ ባቲን የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። አምባሰል በፋ ሻርፕ ሲጀመር ፋ ሻርፕ፣ ሶል፣ ሲ፣ ዶ ሻርፕ፣ ሬ ሆኖ ድምፆቹ ቢገኙም፣ ቋሚው «ላ» ከአምስቱ ውጭ ስለሆነ ዜማውን ይረብሸዋል፤ ቻንተሩን ብቻ በማስነፋት፣ ቋሚ ቱቦዎቹን ዘግቶ መሞከር ይቻላል። አንቺሆዬ ግን አይሆንም። በዶ ሻርፕ ቢጀመር አራቱ ድምፆች ተገኝተው አምስተኛው፣ በላና በሲ መካከል ያለው፣ በቻንተሩ ላይ የለም፤ ቅኝቱን አጣምሞ ከመንፋት መተዉ ለአንቺሆዬም ክብር ነው።

ባግፓይፕ ድምፁ ስለማይቋረጥ አንድ ኖታ ሁለት ጊዜ ሲደጋገም እንደ ዋሽንት በምላስ አይለይም፤ በመካከሉ ሌላ ጣት ብልጭ ብላ እጅግ አጭር ድምፅ ትቆርጠዋለች። እነዚህን አጫጭር ድምፆች ሁሉም ነፊ በአንድ ዓይነት፣ በአንድ ቦታ እንዲያደርጋቸው በጽሑፍ ማስቀመጥ የመሪው ሥራ ነው፤ አዝማሪ ለብቻው እንደሚያደርገው እያንዳንዱ እንደ ፈቀደው ቢያሳምር ስምንቱ ስምንት ሰው ሆነው ይሰማሉ።

ባግፓይፕ ድምፁን ማሳደግም ሆነ ማሳነስ አይችልም። ሙዚቃው ከፍና ዝቅ ሲል የሚሰማው በከበሮው ነው። መሪ ከበሮ መቺው አንዳንዱን መስመር ብቻውን፣ አንዳንዱን ከሁሉም ስኔሮች ጋር በማስመታት ዜማው የሚያርፍበትንና የሚነሣበትን ያሳያል። የዚህ ዓይነት ባንድ ስኔር በኬቭላር (እጅግ ጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር) የተሠራ ቆዳ ኖሮት እጅግ ተወጥሮ ስለሚታሰር ምቱ ደረቅና ጥርት ያለ ነው። ብዙው የአገራችን ምት በስድስት ስምንተኛ የሚሄድ ሲሆን፣ የባግፓይፕ ማርሾችም በዚያው ልክ የተጻፉ ብዙዎች ናቸው፤ የሠርግ ከበሮ የለመደ እጅ ይህን ቶሎ ይይዘዋል። አስቸጋሪው እግሩ ነው፤ በስድስቱ ምት ውስጥ ሁለት እርምጃ ብቻ መሆኑን ያለ መሣሪያ፣ በእጅ ጭብጨባ እያስቆጠሩ ማስረገጥ ይጠቅማል።

ሰልፉ ሲነሣ ከትእዛዙ በኋላ ስኔሮቹ ሦስት ሦስት ምት የሚፈጅ ሁለት ድርድር ምት ያሰማሉ፤ በሁለተኛው ላይ ነፊዎቹ ስልቻቸውን በአንድ ጊዜ መትተው ቋሚ ቱቦዎቹን ያስነሣሉ፣ ቻንተሩ በ«ሚ» ይገባል፣ ወዲያው ዜማው ይጀምራል። የሰንደቅ ዓላማ ቀን ወይም የአድዋ በዓል ሲቃረብ ዜማውን ትታችሁ መነሻውንና መቁረጫውን ብቻ በአንድ ጠዋት ሃያ ጊዜ ደጋግሙ። መቁረጫው ከመነሻው ይከብዳል፤ በመጨረሻው ምት ላይ ሁሉም ክንዱን ከስልቻው በአንድ ጊዜ ካላነሣ፣ የአንዱ ቱቦ ወደ ታች እየተንጠባጠበ ሲያለቅስ ሜዳው ሁሉ ይሰማዋል። መሪው ፊቱን ወደ ነፊዎቹ አዙሮ ሳይሆን ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ያዳምጥ፤ የማን ቱቦ እንደ ቀረ በጆሮው ለይቶ ስሙን እስኪጠራ ድረስ ልምምዱ ይቀጥል።