የልጄን ተረከዝ ያቀላው የነበረ የእግር ድጋፍ

ልጄ ሴሬብራል ፓልሲ (አእምሮ ላይ በደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) አለባት። ቁርጭምጭሚቷን የሚደግፈውን ፕላስቲክ (ኤኤፍኦ የሚሉትን) ባወለቅን ቁጥር ተረከዟ ቀልቶ እናገኘዋለን። ጠዋት ገና ስታየው እግሯን ሰብስባ ታለቅስ ነበር። አንጀት ይበላል።

ወፍራም ካልሲ ሞከርን፤ ጭራሽ አጠበበው። ማሰሪያውን ስናላላው ባሰ፤ እግሯ ውስጡ እየተንሸራተተ ይፈትጋታል። ስፖንጅ መለጠፍም አልሰራም።

የሰራው ይሄ ነው። መጀመሪያ ቀጭን፣ ስፌቱ የማይጎረብጥ፣ ከፕላስቲኩ የሚረዝም ካልሲ። አንድም እጥፋት እንዳይቀር ወደ ላይ ሳብ አድርጉት። ከዚያ ልጁን ጉልበቱን አጥፋችሁ አስቀምጡት። ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፤ ጉልበት ሲታጠፍ የባት ጡንቻ ይላላል፣ ተረከዝም በቀላሉ ይወርዳል። ተረከዙን ወደ ኋላና ወደ ታች ገፋ አድርጋችሁ የፕላስቲኩን ወለል መንካቱን እዩ። እንደያዛችሁት መጀመሪያ የቁርጭምጭሚቱን ማሰሪያ ጠበቅ አድርጉ። የባቱን ማሰሪያ በመጨረሻ እሰሩት።

አሁን ተረከዟ አይቀላም፣ ለቅሶውም ቀርቷል። ስታወልቁት ትንሽ ቅላት ቢኖር አትደንግጡ። በ30 ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ ግን፣ ወይም ቆዳው ውኃ ከቋጠረ፣ መልሳችሁ አታድርጉለት። ድጋፉን የሰራው ባለሙያ ይየው፤ እግሩ አድጎ ድጋፉ ጠብቦት ሊሆን ይችላል።